«ላስቸግርዎት?» አትበሉኝ

ላይብረሪ ውስጥ፣ አንባቢ መጥቶ የሚጠይቅበት ሪፈረንስ ዴስክ ላይ ተቀምጬ በቀን ውስጥ ከሁሉ በላይ የምሰማው ቃል «ይቅርታ» ነው። «ይቅርታ፣ ትንሽ ላስቸግርዎት?» «ይቅርታ፣ ሥራ ላይ ነዎት መሰለኝ።» «ይቅርታ፣ ጥያቄዬ ቀላል ነው ግን…» አንዳንዱ ልጅ ይሄን ብሎ መልሴን እንኳ ሳይጠብቅ «ግዴለም፣ በኋላ እመለሳለሁ» ይልና ይሄዳል። ብዙዎቹ አይመለሱም። ኮምፒውተሩ ላይ ዓይኔን ተክዬ ስላየኝ ነው እንደዚያ ያለው። እኔ ግን እዚያ የተቀመጥኩት ለሱ ነው። ኢሜይል የማየው፣ ካታሎግ የማስተካክለው ሰው እስኪመጣ ድረስ ነው። ሰው ከመጣ ሌላው ይቆያል።

«መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ» ሲባል ሰምተን ያላደግን የለንም። ግን ላይብረሪ በር ላይ ስንደርስ ይሉኝታ ይይዘናል።

ፍርሃቱን አቃልዬ አላየውም። ኮንስታንስ ሜሎን የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ በዩኒቨርሲቲ ትምህርታቸው መጀመሪያ ላይብረሪ ውስጥ ጥናት እንዲሠሩ የታዘዙ 6,000 ተማሪዎች የተሰማቸውን በራሳቸው ቃል የጻፉትን ለሁለት ዓመት ተከታትላ እ.ኤ.አ. በ1986 አሳትማለች። በየክፍሉ ከ75 እስከ 85 በመቶ የሚሆኑት የመጀመሪያ ስሜታቸውን የገለጹት በፍርሃት ቃላት ነበር። ይሄ ራሱ ብዙ ነው። እኔን የበለጠ የነካኝ ግን ምክንያቱ ነው። ተማሪው ሌሎች ሁሉ ላይብረሪ መጠቀም ያውቃሉ፣ የማላውቀው እኔ ብቻ ነኝ ብሎ ያስባል። አለማወቁን እንደ ነውር ያየዋል። ከጠየቀ ደግሞ ነውሩ ይጋለጣል። እነዚህ ሦስቱ ተደራርበው ነው ልጁን በመደርደሪያ መሀል የሚያዞሩት።

ከዴስኩ ሆኜ አያቸዋለሁ። አንዱን መደርደሪያ ሦስት ጊዜ የሚዞር አለ። ሰው ሲያልፍ ስልኩን አውጥቶ የሚያይ አለ። ፈራ ተባ እያለ እስከ ዴስኩ ግማሽ መጥቶ የሚመለስም አለ። እነዚህን ሳይ ተነስቼ እሄዳለሁ። ድሮ «ልርዳህ?» እል ነበር። «ልርዳህ?» ሲባል የሰው አፍ ላይ የሚመጣው «አይ፣ አመሰግናለሁ» ነው፣ ጉዳዩም እዚያው ያልቃል። አሁን «ምን እየፈለግክ ነው?» እላለሁ። ለዚህ ጥያቄ «አይ» የሚባል መልስ የለውም፣ ልጁ የሚፈልገውን መንገር ይጀምራል።

ግን የሚነግረኝ መጀመሪያ ላይ የሚፈልገውን አይደለም። ይሄን የተማርኩት ሰው በድዬ ነው።

ሥራ በጀመርኩበት ዓመት አንዲት ተማሪ ጠዋት መጣችና «የስታትስቲክስ መጽሐፍ የት ነው ያለው?» አለችኝ። «519.5፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ በስተግራ» ብዬ በጣቴ አሳየኋት። አመስግናኝ ሄደች። ስህተት አልነበረውም፣ መጻሕፍት እንደየርዕሳቸው ቁጥር በሚሰጣቸው በዲዊ አመዳደብ ስታትስቲክስ 519.5 ላይ ነው የሚገኘው። ከሰዓት በኋላ የተመለሱ መጻሕፍት ወደ ቦታቸው ላደርስ ስወጣ ጥግ ላይ ካለው ጠረጴዛ አገኘኋት። ሦስት ወፋፍራም መጻሕፍት ፊቷ ተከፍተዋል። የሚታየኝ ገጽ ከላይ እስከ ታች ቀመር ነው። ደብተሯ ግን ባዶ ነበር፤ ቀኑን ብቻ ጽፋ እስክሪብቶዋን መልሳ ከድናዋለች። «እየሄደልሽ ነው?» ስላት ዓይኗ እንባ አቀረረ።

አጠገቧ ቁጭ ብዬ «እስቲ ስለ ሥራው ንገሪኝ» አልኳት። ከቦርሳዋ የታጠፈ ፕሮፖዛል አወጣች። ህዳጉ ላይ አማካሪዋ በቀይ የጻፉት ይሄን ብቻ ነበር፤ «ለምን 150?» 1,000 ከሚሆኑ ሰዎች መካከል ለ150ው መጠይቅ እበትናለሁ ብላ ጽፋ ኖሯል፣ እሳቸው ደግሞ ቁጥሩ ከየት መጣ ብለው ጠየቁ። ይሄ ነበር ጥያቄዋ። ለዚህ የሚያስፈልጋት የሂሳብ ሊቃውንት የጻፉት የስታትስቲክስ መጽሐፍ ሳይሆን የጥናት ዘዴ መጽሐፍ ነው፣ እሱም ያለው 001.42 ወይም 300.72 ላይ ነው። ሌላ ፎቅ።

አብረን ወረድን። ስለ ናሙና አወሳሰድ የሚያወራውን ምዕራፍ ከፈትን፣ እዚያ ውስጥ ክሬጂ እና ሞርጋን እ.ኤ.አ. በ1970 ያወጡት ሠንጠረዥ አለ። በጠቅላላው የሰው ብዛት ልክ ስንት ሰው መጠየቅ እንደሚበቃ ያሳያል። ጣቷን በመስመሩ ላይ እያስኬደች 1,000 ጋ ስትደርስ 278 አገኘች። ቀጥላ ወደ ታች ወረደችና 10,000 ጋ 370 ይላል። «እንዴ! ሰዉ አሥር እጥፍ ሲሆን ናሙናው ለምን አሥር እጥፍ አልሆነም?» አለችኝ። ጠዋት ሙሉ አንድ ቃል ያልጻፈች ልጅ መጠየቅ ጀመረች። ሠንጠረዡ ለሷ ጥናት ይሆናል አይሆንም የሚለውን አማካሪዋን እንድትጠይቅ ነግሬ፣ ከየት እንደተወሰደ በትክክል አስመዘገብኳት። ሁሉም ነገር ሃያ ደቂቃ ነው የፈጀው።

ሃያ ደቂቃ ለሚፈጅ ነገር ግማሽ ቀኗን አጠፋሁባት። ያጠፋሁባት ደግሞ የጠየቀችኝን በትክክል በመመለሴ ነው። እስከ ዛሬ በጣቴ አቅጣጫ ላሳይ ስል እሷ ትዝ ትለኛለች።

በኋላ ሳነብ ሮበርት ቴይለር የሚባል ሰው ይሄንኑ እ.ኤ.አ. በ1968 ጽፎት አገኘሁ። የሰው ጥያቄ አራት ደረጃ አለው ይላል። መጀመሪያ ውስጥህ የሆነ ነገር እንደጎደለ ይሰማሃል፣ ቃል ግን የለውም። ቀጥሎ በጭንቅላትህ ይዘኸው ትዞራለህ፣ ግን የተምታታ ነው። ከዚያ አጥርተህ ልትናገረው ትችላለህ። መጨረሻ ላይ፣ ላይብረሪው ይመልሰዋል ብለህ በምትገምተው መልክ ቆርጠህና ቀንሰህ ታቀርበዋለህ። እኔ ዴስክ ላይ የሚደርሰው ይሄ አራተኛው ነው። «ለምን 150?» የሚለው ተቆርጦ ተቆርጦ «የስታትስቲክስ መጽሐፍ የት ነው?» ሆኖ መጣ። ልጅቷ ያደረገችው ሁላችንም የምናደርገውን ነው። ላይብረሪ መጽሐፍ ያለበት ቤት ስለሆነ መጽሐፍ ጠየቀች።

ስለዚህ የሥራዬ ትልቁ ክፍል ከአራተኛው ወደ ኋላ መመለስ ነው። ለዚህ አዲስ ለሚገቡ ባልደረቦቼ ሁልጊዜ የምነግራቸው ነገር «ለምን ፈለግሽው?» እንዳይሉ ነው። እናንተ በቀና ልብ ብትሉትም ለተማሪዋ የፖሊስ ጥያቄ ነው የሚመስላት። «እስቲ ስለ ሥራው ንገሪኝ» ይሻላል። «እስካሁን የት የት ፈለግሽ?» ይሻላል። እኔ ከሁሉ የምወደው «አሁን የምትፈልጊው ዓይነት መጽሐፍ እጅሽ ቢገባ ምን ይነግርሽ ነበር?» የሚለውን ነው። «መቼ ነው የምታስረክቢው?» የሚለውም መረሳት የለበትም። ለነገ የሚያስረክብና ለሚቀጥለው ሴሚስተር የሚያስረክብ ልጅ አንድ ዓይነት መልስ አይሰጣቸውም።

ዝምታም ያስፈልጋል። የመጀመሪያውን ከመለስኩ በኋላ ወዲያው ወደ ኮምፒውተሬ አልዞርም። እንደዚያው እያየሁት ትንሽ እቆያለሁ። ብዙ ጊዜ ዋናው ነገር የሚመጣው ያኔ ነው፤ «እ… አንድ ነገር ደግሞ…» ብሎ ይጀምራል።

ቀጥሎ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ፍለጋው ነው። አንድ ልጅ «በዚህ ርዕስ ምንም የተሠራ ጥናት የለም» ብሎ መጣ። ስክሪኑን ሳየው የአሳይንመንቱን ርዕስ እንዳለ ገልብጦ መፈለጊያው ሳጥን ውስጥ አስገብቶታል። «የማኅበራዊ ሚዲያ አጠቃቀም በአንደኛ ዓመት ተማሪዎች እንቅልፍና የትምህርት ውጤት ላይ ያለው ተጽዕኖ»፣ ያውም በእንግሊዝኛ። ዳታቤዙ (የጥናት ጽሑፎች የሚፈለጉበት የመረጃ ቋት) ዜሮ ብሎታል። ዳታቤዝ ያላችሁትን ነው የሚፈልገው፣ ያሰባችሁትን አያውቅም። ብዙ ቃል በጨመራችሁ ቁጥር ሁሉንም በአንድ ላይ የያዘ ጽሑፍ ይጠፋል።

ኮምፒውተሩን ትተን ባዶ ወረቀት አወጣን። ሁሌም እንደዚያ ነው የማደርገው። ርዕሱን ጻፈ፣ ከዚያ ዋና ሐሳቦቹን ብቻ አከበበ፤ ማኅበራዊ ሚዲያ፣ ተማሪ፣ እንቅልፍ፣ ውጤት። «አጠቃቀም»ና «ተጽዕኖ» ወጡ፣ እነሱ ለርዕስ ያምራሉ እንጂ ለፍለጋ አይጠቅሙም። በእያንዳንዱ ክብ ሥር ደግሞ ሌላ ሰው ያንኑ ነገር ምን ብሎ ሊጠራው ይችላል እያልን ወንድሞቹን ጻፍን። ይሄን ቸል የሚል ብዙ ነው። እናንተ «ቲንኤጀር» ብላችሁ ስትፈልጉ ተመራማሪው «አዶለሰንት» ብሎ ጽፎ ከሆነ አጠገቡ አልፋችሁ ትሄዳላችሁ። ወንድማማቾቹን «ኦር» (OR) እያልን እናያይዛለን፣ የተለያዩትን ክቦች በ«ኤንድ» (AND)። «ኦር» ያሰፋል፣ «ኤንድ» ያጠባል። ሁለት ቃል ሳይነጣጠል እንዲፈለግ ከተፈለገ ትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ይገባል። ቃሉ መጨረሻው ሲለዋወጥ ደግሞ ግንዱ ላይ ቆርጦ ኮከብ (*) ማድረግ በብዙ ዳታቤዝ ይሠራል። መጀመሪያ በሁለት ክብ ብቻ ፈለግን፣ በማኅበራዊ ሚዲያና በእንቅልፍ። ከዜሮ ተነስቶ ውጤቱ ገጽ በገጽ ሆነ። ልጁ «ይሄ ሁሉ የት ነበር?» አለ።

አንድ ጥሩ አርቲክል ከተገኘ ደግሞ እሱን እንደ ክር መሳብ ነው። መጨረሻው ላይ ያለው የዋቢ ዝርዝር ወደ ኋላ ይወስዳችኋል፣ ጸሐፊው በማን ላይ ቆሞ እንደጻፈ ታያላችሁ። ጎግል ስኮላር ላይ ከሥሩ ያለው «ሳይትድ ባይ» ደግሞ ወደ ፊት ይወስዳችኋል፣ ከዚያ በኋላ ማን እንደጠቀሰው ያሳያል። በቃል ከመፈለግ ይሄ የሚበልጥበት ጊዜ ብዙ ነው። ሙሉ ጽሑፉ እኛ ጋ ከሌለ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ንገሩን። ከሌላ ቤተ መጻሕፍት የምናስመጣበት መንገድ ሊኖር ይችላል፣ አንዳንዴም ጸሐፊው ራሱ በነጻ ያስቀመጠው ቅጂ አለ።

ሌላው አሁን በጣም የበዛው ጉዳይ የሌሉ ዋቢዎች ናቸው። አንዲት ተማሪ ስምንት አርቲክል የተዘረዘረበት ወረቀት ይዛ መጣች። ሁለት ቀን ፈልጋ አንዱንም አላገኘችም፣ ጥፋቱንም የራሷ አድርጋዋለች፤ «ፍለጋ አልችልም መሰለኝ» ነው ያለችኝ። ጸሐፊዎቹ እውነተኛ ሰዎች ናቸው። ጆርናሉም አለ። ዓመቱም ያስኬዳል። የጆርናሉን ያንን ቅጽና ቁጥር ከፍተን ስናይ ግን ዝርዝሩ ላይ በተጻፈው ገጽ ላይ ያለው ፍጹም ሌላ ጽሑፍ፣ የሌላ ሰው ነው። ሁለተኛውም እንደዚያ፣ ሦስተኛውም። «ይሄን ዝርዝር ከየት አገኘሽው?» ስላት ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ከቻት ጂፒቲ» አለች።

አልተቆጣኋትም፣ መቆጣትም ተገቢ አይመስለኝም። ዝርዝሩ ለባለሙያ ዓይን እንኳ እውነት ይመስላል። እንዲህ ያለው ኤአይ ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለውን ቃል እየገመተ ስለሚጽፍ ዋቢ የሚመስል ነገር መሥራት ይችላል፣ ዋቢው መኖሩን ግን በዚያ ብቻ ማረጋገጥ አይቻልም። ስለዚህ የማጣሪያውን መንገድ አሳየኋት። የአርቲክሉን ርዕስ ትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አድርጎ መፈለግ። ዲኦአይ የሚባለው መለያ ቁጥር ካለው (ሁልጊዜ በ«10.» ይጀምራል) አስገብቶ ወዴት እንደሚወስድ ማየት። ከሌለው የጆርናሉን ቅጽ ከፍቶ ገጹን ማየት። ካገኛችሁትም በኋላ ቢያንስ አብስትራክቱን፣ ማለትም መጀመሪያው ላይ ያለውን አጭር ማጠቃለያ ማንበብ፣ ምክንያቱም ጽሑፉ ኖሮ የተባለውን የማይል ብዙ ነው። በዚያን ዕለት ከስምንቱ አንዱም አልተገኘም። ግን ከመሄዷ በፊት እውነተኛ የሆኑ፣ ከፍታ ያየቻቸው አራት አርቲክሎች ነበሯት።

መደርደሪያ ጋ ስለሚጠፉ ልጆችም ልንገራችሁ፣ ነገሩ ትንሽ ቢመስልም ብዙ ሰው «መጽሐፉ ተሰርቋል» የሚለው በዚህ ነው። ካታሎጉ 338.9 ይላል። ልጁ ሄዶ 338.19 ጋ ይቆማል፣ ዘጠኝ ከአሥራ ዘጠኝ ያንሳል ብሎ ወደ ግራ መፈለግ ይጀምራል። አያገኘውም፣ ምክንያቱም መጽሐፉ በስተቀኝ ሁለት መደርደሪያ አልፎ ነው ያለው። ከነጥቡ በኋላ ያለው አስርዮሽ ነው። አንድ በአንድ አሃዝ ነው የሚነበበው፤ መጀመሪያ 1 እና 9 ይነጻጸራሉ፣ 1 ይቀድማል፣ አለቀ። ቁጥሩ አንድ ዓይነት ከሆነ ከሥሩ ያሉት ፊደላት ይወስናሉ። ይሄን መጀመሪያ ቀን የነገራቸው ሰው የለም። እኛ ለምደነው ግልጽ ይመስለናል። ስለዚህ እስከ መደርደሪያው አብሬ እሄድና መጽሐፉን ራሳቸው እንዲያወጡት አደርጋለሁ፤ አንዴ በእጃቸው ካገኙት ሌላ ጊዜ አይቸገሩም።

በጥናታቸው መሀል ርዕስ ልቀይር ብለው የሚመጡም አሉ። በጋለ ስሜት ጀምረው፣ አሥር አሥራ አምስት ጽሑፍ ካነበቡ በኋላ ሁሉም ነገር እርስ በርሱ ይጋጭባቸዋል። ልባቸው ይወድቃል። ካሮል ኩልታው የምትባል ተመራማሪ ተማሪዎችን ለዓመታት ተከታትላ ያሳየችው ይሄንኑ ነው። መጀመሪያ ግራ መጋባት አለ፣ ርዕስ ሲመረጥ ደስታ ይመጣል፣ ማንበብ ሲጀመር ደግሞ ግራ መጋባቱ ተመልሶ ይመጣል፣ ያውም በርትቶ። ልባቸው የሚረጋው ከዚያ በኋላ የራሳቸውን ማዕዘን፣ ማለትም ርዕሱን የሚያዩበትን አቅጣጫ ሲያገኙ ነው። ይሄን ስነግራቸው ፊታቸው ላይ እፎይታ አያለሁ። ልጁ ችሎታ ስላነሰው አይደለም የተጨነቀው፣ መሀል መንገድ ላይ ስለደረሰ ነው። ያኔ የምጠይቀው «ካነበብከው ውስጥ ያናደደህ ወይም ያስገረመህ የቱ ነው?» ብዬ ነው። መልሱ ብዙ ጊዜ ማዕዘኑ ነው።

የማልሠራውም አለ። «ጽፈው ይስጡኝ» ለሚለኝ አልጽፍም፣ የቱ ሐሳብ ትክክል እንደሆነም አልወስንለትም። እናንተ የጠየቃችሁኝን ደግሞ ለሌላ ሰው አልናገርም፣ ለመምህራችሁም ቢሆን። ስለ ሕመም፣ ስለ ሕግ ጉዳይ፣ ስለ ቤተሰብ ችግር የሚያነብ ሰው ይመጣል። ምን እንዳነበበ የሱ ጉዳይ ነው።

እንግዲህ ስትመጡ የአሳይንመንቱን ወረቀት እንዳለ ይዛችሁ ኑ፣ በራሳችሁ ቃል ከምትነግሩኝ መምህሩ የጻፉት ይሻላል። አማካሪያችሁ ህዳግ ላይ የጻፉት ነገር ካለ፣ ቢያሳፍራችሁም እሱን አሳዩኝ። እስካሁን ምን ብላችሁ እንደፈለጋችሁ ንገሩኝ፣ ያልሠራውም ቢሆን። ሰው ፊት መጠየቅ ከከበዳችሁ በኢሜይል ጻፉልኝ። ማስረከቢያው ነገ ጠዋት ቢሆንም ኑ፣ ለምን አሁን መጣችሁ አልልም። አንድ ሰዓት ብቻ ቢቀረን እንኳ ወረቀት አውጥተን ርዕሱን እንከፋፍላለን፣ ሦስት የሚታመን ጽሑፍ እናገኛለን፣ እናንተ ማንበብ ስትጀምሩ እኔ አራተኛውን እፈልጋለሁ።